የሙሽራዋ ዘፈን በሁለት ካሴት

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ ካረፉ ገና አርባቸው አልወጣም። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ አስተምረዋል፤ እኔ ግን የማስታውሳቸው ካሴት ሲቀያይሩ ነው። በጣም የሚወዱት አንድ የቆየ ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። አንዱ ካሴት የአዲስ አበባ ተዋንያን የተጫወቱት ነው፤ ሌላው እርሳቸው ራሳቸው ያሠለጠኗቸው ተማሪዎች የተጫወቱት። ሙሽራዋ እናቷን የምትሰናበትበትን ዘፈን ከሁለቱም እያከታተሉ ያዳምጡ ነበር።

ተማሪያቸው ሳለሁ ቴአትሩን እንደገና ሲያዘጋጁ የሙሽራዋ ቦታ ለእኔ ደረሰኝ።

"ጋሼ፣ እኔ አልችልም። አማርኛዬ ሀዲይኛ ሀዲይኛ ይላል፤ ይስቁብኛል" አልኳቸው።

ሁለቱንም ካሴት አሰሙኝ። የአዲስ አበባዋ ድምፅ ጥርት ያለ ነው። ከጊምቢቹ የመጣችው የእኛዋ ልጅ አንዳንዱ ቃል ይከብዳታል፤ "እማዬ" ስትል ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"ያቺኛዋ ዘፈነች፤ ይቺኛዋ ግን ተሰናበተች" አሉኝ። "አንቺ ደግሞ ሦስተኛዋ ነሽ፤ እንደ ማንኛቸውም እንዳትሆኚ።"

ዘፈንኩ። ማንም አልሳቀብኝም።

ባለፈው ሳምንት እኔ የማስተምራቸው ልጆች ያንኑ ቴአትር አሳዩ። ጋሼ ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን የፊት ወንበር የደፈረው ሰው አልነበረም። እኔ በስልኬ ቀዳሁት። ሙሽራ የሆነችው ከጃጁራ የመጣችው ልጅ ከመድረክ እንደወረደች ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ ከድሮዎቹ ጋር ስነጻጸር እንዴት ነኝ?"

መልሱን ከእርሳቸው ለመስማት ሳላስበው ወደ ወንበሩ ዞርኩ። ባዶ ነው። እጇን ይዤ እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

"እስኪ" አልኳት ስልኬን እየከፈትኩ፣ "አብረን እንስማሽ።"