ሐይቁ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ

ከሥራ መልስ ለአንድ ቢራ የትኛው ቤት እንደሚሻል በቴሌግራም እጽፋለሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ማንም እንዳይሽቆጠቆጥልኝ ብዬ ስሜንም ፎቶዬንም አላወጣም።

በቀደም ከቢሮ ስወጣ ሴቻ ሰፈር፣ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት አዲስ ቤት ጎራ አልኩ። አስተናጋጇ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ አስቀምጣ ለብ ያለ ቢራ አመጣችልኝ። ሐይቁ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ቦርጫም ሰውዬ የአሳ ጥብስ ተከምሮለት፣ የቤቱ ባለቤት ራሷ ትቀዳለታለች።

"ማነው?" አልኳት አስተናጋጇን።

"አታውቀውም እንዴ? በቴሌግራም ስለ መጠጥ ቤቶች የሚጽፈው ነዋ! እሱ ክፉ ከጻፈብን አለቀልን።"

ደሜ ፈላ። ባለቤቷን ጠርቼ፣ "እትዬ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ!" አልኳት። ላሳያት ስልኬን ባወጣ፣ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ባትሪው ሞቷል።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው። "ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ እርስዎን ነኝ ይላል!"

ሰውዬው እጁን ጠራርጎ ተነሣ። አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን እየደባበሰ፣ በጆሮዬ፦

"አይዞህ ወንድሜ፤ እኔንም መጀመሪያ ላይ አያምኑኝም ነበር" አለኝ።