ጋደም ያለችው ጥርስ

በጥርስ ክሊኒኩ ጓሮ በኩል፣ ከኤክስሬይ ክፍሉ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል የጥርስ ሠሪዋ ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰም ማሞቂያ ትንሽ መብራት፣ አፉ የሳሳ ቢላዋ፣ በየመጠናቸው በሳጥን የተለዩ ሰው ሠራሽ ጥርሶች አሉባት። ከጠረጴዛው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ከጀሶ የተሠሩ የበሽተኞች አፎች ተደርድረዋል። ከባለቤቶቻቸው አንዳንዶቹ ጥርሳቸውን አስገጥመው ደስ ብሏቸው የሄዱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እስከ ወዲያኛው የሄዱ።

እንግዳ ተቀባይዋ እዚያ ክፍል መግባት አትወድም።

«ሁሉም አንድ ነገር ሊነግሩኝ አፋቸውን የከፈቱ ይመስለኛል» ትላለች በሩ ላይ ቆማ።

«ደግነቱ ምላስ የላቸውም» ትመልሳለች ጥርስ ሠሪዋ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል።

ሥራውን ያስተማሯት አንድ ሽማግሌ ጥርስ ሠሪ ነበሩ። መጀመሪያ የተቀጠረችው መሣሪያ ልታጥብ ነበር፤ እጇ ረጋ ያለ መሆኑን አይተው ሰም አስያዟት። «ከመደርደርሽ በፊት ዓይንሽን ጨፍኚና የሰውየውን ሳቅ አስቢ። ጥርሱ ቦታውን ራሱ ያገኛል» ይሏት ነበር። እሷም እንደዚያው ታደርጋለች። ሰው ጥርስ ሊለካ ሲመጣ ዓይን አፋር ብትሆንም ጥግ ይዛ ትቆምና እስኪስቅ ትጠብቃለች። ሳቁን ይዛ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች።

ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ አንድ የጀሶ አፍ አለ። የታናሽ እህቷ ነው። ፍልቅልቅ ነበር የሚሏት፤ ዋናውን ስሟን የሚያስታውስ እንኳ ጥቂት ነው። ፍልቅልቅ ተኝታ ጥርሷን ታፋጭ ስለነበር ሌሊት የምታጠልቀው ስስ ፕላስቲክ ሠርታላት ነበር፤ ጀሶው ከዚያ የተረፈ ነው። ከላይ ካሉት የፊት ጥርሶቿ አንዷ ጎረቤቷ ላይ ጋደም ያለች ናት፣ ትከሻ ላይ እንደተደገፈ ሰው። ፍልቅልቅ ካለፈች ወዲህ ጥርስ ሠሪዋ ያንን አፍ ፊት ለፊት ማየት አልቻለችም። መጣልም አልሆነላትም። አንዳንድ ጠዋት ስትመጣ ወደ እሷ ዞሮ ታገኘዋለች። የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ ስትጠርግ እንደምታዞረው ታውቃለች። ማወቋ ግን ልቧን አያሳርፈውም።

እናታቸው ከቀብሩ ወዲህ አልሳቀችም። የቀሩት ጥርሶቿ ተነቃነቁ፤ ተነቀሉ። ሰው ሠራሽ ላሠራልሽ ስትባል «ለማን ልስቅበት?» አለች። ዳቦ በሻይ እየነከረች፣ ሾርባ እየጠጣች ከረመች። ልብሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ መሰለ። በመጨረሻ ልጇን ስታለቅስ አየቻትና እሺ አለች።

«አንዴ እሞክረዋለሁ። የሰው ዕቃ አፌ ውስጥ የገባ ከመሰለኝ ግን፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳታመጪኝ። ያለ ጥርስም ይሞታል።»

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጨዋ፣ ሥራዋን የምትወድ። አዲሱን ስካነር ለእናትየዋ እንደ አሻንጉሊት እያሳየች ቀጭኑን ካሜራ አፏ ውስጥ አስገባች። «አይዞዎት እማማ፣ እንደ ድሮው አፍ ሞልቶ የሚያስታውክ ነገር የለም።» እስክሪኑ ላይ ድዱ ከየት መጣ ሳይባል እያደገ ወጣ፤ ፊት የሌለው፣ ክፍት፣ ቀስ እያለ የሚዞር አፍ። ጥርስ ሠሪዋ ዓይኗን መለሰች።

«ማሽኑ ጥርሱን ራሱ ይደረድርልናል፣ ቀጥ አድርጎ» አለች ሐኪሟ።

«የእሷን በእጄ ብሠራው ይሻለኛል ዶክተር።»

«እሺ እትዬ፣ የእናት ነገር ነው።» የድዱን ቅርጽ ብቻ በማሽን አትማ ሰጠቻት።

ጥርስ ሠሪዋ ሰሙን አሞቀች። ዓይኗን ጨፈነችና የእናቷን ሳቅ ፈለገች። አልመጣላትም። ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እንዴት ነበር? ከንፈሯ በየት በኩል ነበር የሚነሳው? ጠበቀች። በጨለማው ውስጥ የሆነ ሳቅ መጣ፤ ይዛው ሠራች።

ስትጨርስ ከላይ አንዷ የፊት ጥርስ ጋደም ብላለች።

ሰም ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ ጥርሱን ይስባል፤ ይህን የማያውቅ ጥርስ ሠሪ የለም። ቢላዋዋን አሙቃ አቃናቻት። ከምሳ ስትመለስ ጥርሷ ያው ጋደም ብላለች። ደግማ አቃናቻት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ አጸናቻት፣ ክፍሉን ቆልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው መደርደሪያውን ነው። የፍልቅልቅ አፍ ወደ እሷ ዞሯል። ጠረጴዛው ላይ ሰሙ ውስጥ ያለችው ጥርስም እንደዚያው ተደግፋለች። ሰሙ ነው? እጇ ነው? መልስ እንዳይመጣ የፈራች ይመስል ቶሎ ብላ መብራቱን ለኮሰች።

ሐኪሟ መጥታ አየችው። «እትዬ፣ ይቺ ጋደም አላለችም?»

«ሰሙ ስቦብኝ ነው።»

«ግዴለም፣ አሁን ንክሻቸውን ብቻ እንይ። ከዚያ ታቃኛታለሽ።»

እናትየዋ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች። ጥርስ ሠሪዋ መስታወቱን አንስታ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሐኪሟ በሰም የተያዘውን ጥርስ አስገባች፤ «ቀስ ብለው ይንከሱ እማማ» አለች። የእናትየዋ ምላስ ከከንፈሯ ጀርባ መዞር ጀመረ፤ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ግድግዳውን እየዳሰሰ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«መስታወት አምጪ።»

«እማዬ፣ ገና ሰም ነው፣ ይስተካከላል…»

«መስታወት አልኩሽ እኮ።»

ሰጠቻት። እናትየዋ ከንፈሯን ገለጥ አደረገች። ጥርስ ሠሪዋ ከመስታወቱ ውስጥ የሚያያትን አፍ አወቀችው፤ የፍልቅልቅ ነው። ያ አፍ ተናገረ።

«ማን ነገረሽ እንዲህ አድርጊ ብሎ?»

«ማንም። ያንቺን ሳቅ ፈልጌ አጣሁት እማዬ። የመጣልኝ የሷ ነው።»

እናትየዋ ጋደም ያለችውን ጥርስ በጣቷ ጫፍ ዳሰሰቻት።

«ቀጥ ብትል ይበልጥ ያምርብዎታል» አለች ሐኪሟ፣ ነገሩ ሳይገባት።

«በዚህ ዕድሜዬ የቁንጅና ውድድር ልገባ ነው? ተዋት። እንዳትነኩብኝ።»

ጥርሱ ከሰም ወደ ጠንካራው ተለውጦ ተሠራ። እናትየዋ መብላት ጀመረች። ደግሞም ሳቀች። መጀመሪያ የሳቀችው ጎረቤት መጥታ ስታጫውታት ነው፤ ጥርስ ሠሪዋ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀባት። ድምፁ የእናቷ ነው። ግን በዚያች ጥርስ በኩል ሲወጣ ትንሽ ያፏጫል፣ የፍልቅልቅ ሳቅ ያፏጭ እንደነበረው። ከዚያ በኋላ ጥርስ ሠሪዋ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ ዓይኗን ከሳህኗ አታነሳም። ምሽት ላይ ጥርሱ አልጋው አጠገብ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ገብታ በስኒ ማስቀመጫ ትከድነዋለች።

እንዲህ አንገቷን ደፍታ ስለምትበላ ነገሩን ቶሎ አላየችውም። እናትየዋ በአንድ ጎን ብቻ ታኝካለች። ዳቦውን ደግሞ ሻይ ውስጥ ትነክራለች።

«ያምሻል እንዴ?»

«ምን ያመኛል።»

«እስቲ አውጪውና ልየው።»

«ሂጂ ወደዚያ! የክሊኒክሽን ሥራ እዚያው።»

ለምና ጥርሱን አስወጣቻት። በዚያችው ጥርስ ሥር ድዱ ቀልቶ ቆስሏል።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርሽ ትነቅያታለሽ» አለች እናትየዋ፣ ባዶ አፏን በእጇ ሸፍና። «እንደምትፈሪያት አላየሁም?»

ጥርስ ሠሪዋ ዓይኗን ሰበረች። እውነት ነውና። ቁስሉን ስታይ ካዘነችው እኩል፣ ከውስጧ የሆነ ነገር ጥርሷን ለመንቀል ሰበብ ተገኘ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደቻት። ሐኪሟ የሰው ሠራሹን ጥርስ ውስጠኛ ጎን ነጭ ቅባት ቀብታ አስነከሰቻት፤ ድዱን የሚወጋው ቦታ ቅባቱ ለቆ ታየ። «ከውስጥ መሞረድ ይበቃል» አለች። «ከፈለግሽ ግን እግረ መንገድሽን ጋደም ያለችውን ጥርስም ለውጫት፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ጥርስ ሠሪዋ ወደ ክፍሏ ይዛው ሄደች። በሩ አልተዘጋም ነበር፤ በክፍተቱ እናቷ ትታያለች። መጠበቂያው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ልጇን ኦፕሬሽን እንዳስገባች እናት ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም።

መሞረጃው መዞር ጀመረ። ጥርሷ ከጣቷ ሥር ናት፤ ትንሽ ብትነካት ትሄዳለች፣ ቤቱም ጸጥ ይላል፤ ያ ጸጥታ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች። ገለበጠችውና ከውስጥ በኩል፣ ቅባቱ የለቀቀበትን ብቻ፣ ቀስ አድርጋ ሞረደችው። አለሰለሰችው፤ አጠበችው።

እናትየዋ ስታጠልቀው ለመንከስ እንኳ አልሞከረችም። ምላሷ በቀጥታ ሄደ። አገኛት።

«አለች» አለች፤ ፊቷም በራ።

«አለች እማዬ።» በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልሰበረችም። አየቻት።

የፍልቅልቅ ጀሶ ከዚያ ወዲህ ወደ ግድግዳ አልዞረም። እናትየዋ ለምርመራ በመጣች ቁጥር እንግዳ ተቀባይዋ ታስቃታለች፤ ሳቁ ኮሪደሩን ይዞ እያፏጨ ይመጣና ጠባቧ ክፍል በር ላይ ይደርሳል። ጥርስ ሠሪዋ ቢላዋዋን ታስቀምጣለች። በር ላይ የደረሰ እንግዳ እንደሚጠበቅ፣ ሳቁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ሰሙ በዚያች ቅጽበት ይቀዘቅዝባታል፤ መብራቱን እንደገና ትለኩሳለች።