እንዶድ ያልኳት ቀን

እንዶዱን ከወሎ ቋጥሬ የመጣሁት ለነጠላዬ ነው። ልጄ በምትኖርበት ሐርጌሳ የዱቄት ሳሙና ሞልቷል፤ ግን ነጭ ልብስ በእንዶድ ካልታጠበ የጠራ አይመስለኝም። መርዝነቱን አውቃለሁ። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያሰክራል። ከብት አልቅት ሲይዘው ለክተው ያጠጡታል፤ ቆረቆር የያዘው ራስ ይታጠብበታል። ለሆድ ትል ብላ የጠጣች አንዲት የአገሬ ሴት ግን ከተኛችበት አልተነሳችም።

ኮድቡር በሚባለው ሰፈራችን ግቢ የምንጋራት ሶማሌ አሮጊት አለች፣ እኩያዬ። የጋራ ቋንቋ የለንም፤ ግን አብረን ስንዞር ነው የምንውለው። እሷ በሶማልኛ ታወራኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ። ዓይኗ ታሞ ዘወትር ያነባል። ያን ቀን ጠዋት የልብሴን አረፋ አይታ፣ ምንድን ነው አለችኝ በእጇ።

"እንዶድ" አልኳት።

"እንዶ?" ብላ ዓይኗን ነካች።

ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ የምትለኝ መሰለኝ። ለአንዴ እንኳ ተግባባን ብዬ ደስ አለኝና "ሃ! ሃ!" አልኳት፤ አዎ ማለታቸው ነው። ከደረቀው ፍሬ ዘግና እየሳቀች ሄደች። እኔ ለሻሿ መስሎኛል።

የቀትሩን ዙህር ሰግጄ ሳልነሳ ጩኸቷ መጣ። ሮጬ ብወጣ ፊቷ አረፋ ብቻ ነው። ወደ በርሜሉ ጎትቼ ውሃ አፈሰስኩባት፤ ጨፍና ገፋችኝ። "ክፈቺው እቴ፣ ዓይንሽን ክፈቺው!" እላለሁ። ክፈቺን በነሱ አፍ ከየት ላምጣው? የማውቀው "ቢዮ"ን ነው፣ ውሃን። ቢዮ፣ ቢዮ እያልኩ ሳለቅስ ልጇ ደርሳ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ማታ ልጄ ከዋሄን ገበያ ስትገባ ነገርኳት።

"እማ! እንዶ እኮ በነሱ ዓይን ነው። የዓይን መድኃኒት ነው አልሻት!"

"እኔ እንዶድ ነው ያልኩት።"

"እኮ!"

በማግስቱ ልንጠይቃት ገባን። ሁለቱም ዓይኗ በፋሻ ታስሯል። ድምፄን ስትሰማ አንድ ነገር አለች፤ ልጄ ሳቋ አመለጣት። "ነጠላሽን እንዳነጣሽ ዓይኔን ልታነጪው ነበር ወይ? ትልሻለች።"

የሷ ልጅ አልሳቀችም። ሐኪሙ፣ ማየት አለማየቷ ፋሻው ሲፈታ ነው የሚታወቀው ብሏል።

ለቆረቆሩ አውቃለሁ፣ ለአልቅቱም አውቃለሁ። ለዚህ ግን ምንም የለኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሻይዋን ፍለጋ ምንጣፉን ስትዳብስ ብርጭቆውን እጇ ላይ አደረግሁላት፤ ደህና አድርጋ መያዟን ማወቅ አቅቶኝ እኔም አልለቀቅሁም፣ ሁለታችንም እንደያዝነው ቀረን።