ብራናውን የፋቀው

ልጄ ሠዓሊ ናት። ይህን ፊቴን ሳላጨማድድ መናገር የቻልኩት በቅርቡ ነው። ሥዕል ትሥላለች፤ መጽሐፍም በእጇ ትሠራለች። ራሷ ትሰፋዋለች፣ ራሷ ትደጉሰዋለች፣ ገጾቹንም ራሷ ትሥላቸዋለች። እንዲህ ያለው ነገር ሙያ ነው ብሎ የሚከራከረኝ እንግዳ ቢመጣ ኖሮ ከቤቴ አስወጣው ነበር። ራሷ ስትነግረኝ እሷን ላስወጣት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

እኔ ቶሮንቶ ከገባሁበት ጊዜ አንስቶ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ድራይዎል ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የግድግዳው ሰሌዳ ከተገጠመ በኋላ መጋጠሚያውን ጭቃ በምንለው የጄሶ ልስን እደፍናለሁ፣ ሲደርቅ እፍቃለሁ፣ አለሳልሼ ለቀለም ቀቢው አስረክባለሁ። ኖርዝ ዮርክ ውስጥ የእኔ እጅ ያለፈበት ግድግዳ ብዙ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን የተማርኩት በምሳ ሰዓት በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው። አንዱን ገጽ ለመረዳት መዝገበ ቃላቱን አሥር ጊዜ የምገልጥበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ሥዕሉን ያስጀመርኳት ግን እኔው ነኝ። ሕፃን ሳለች ከሥራ ስመለስ ቁርጥራጭ ሰሌዳ አመጣላት ነበር፤ የቤቱን ግድግዳ እንዳታበላሽ ብዬ። እሷም ሰሌዳውን ሞላችው፤ ሌላ አመጣሁ፤ ያንንም ሞላችው። አድጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፋርማሲ መረጥኩላት። «መረጥኩላት» ያልኩት አውቄ ነው። እሷ አልመረጠችም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «አባዬ፣ ድሮፕ አድርጌዋለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፋርማሲውን።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል የማነጋግራት በእናቷ በኩል ነበር። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «ጨዉን አቀብዪኝ በያት» እላለሁ። እናቷም፣ «አንተ ሰውዬ፣ እጅህ አጭር ነው ወይስ አፍህ?» ትለኝ ነበር። ጨዉን የምታቀብለኝ ልጄ ናት።

መጀመሪያ ሥዕሎቿን የሰቀለችው ፓርክዴል ውስጥ በአንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ነው። አልሄድኩም። ቀን ቀን የሥዕል ፍሬም የሚሠራ ሱቅ ተቀጥራ እየሠራች፣ እዚያው ፓርክዴል ከሦስት ሠዓሊዎች ጋር ስቱዲዮ ተከራየች። አልሄድኩም። ቀጥሎ የእኔን ባዶ የጭቃ ዱቄት ከረጢቶች አጥባ፣ ቆርጣና ሰፍታ መጽሐፍ ሠራችና የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገዛት። ይሄን እናቷ በደስታ እያለቀሰች ነገረችኝ።

«ምን ይላል መጽሐፉ?» አልኳት ልጄን።

«ምንም አይልም አባዬ። ታየዋለህ እንጂ አታነበውም።»

የማይነበብ መጽሐፍ! ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። አንዲት ፊደል ለማወቅ የሰው ደጅ የጠና ሰው የወለዳት ልጅ፣ ፊደል የሌለው መጽሐፍ ሠርታ ይጨበጨብላታል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አልተሳሳትኩም፤ ነገር ግን ሙሉውን እውነት አልነገርኳትም፤ ሙሉው እውነት የሚጀምረው ከፍየል ቆዳ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጋለሪ ትልቅ መጽሐፍ እንድትሠራ ጋበዛት። ልጄም በወረቀት አልሠራም፣ በብራና ነው የምሠራው አለች። የብራና አሠራሩንም ከኢንተርኔትና ከአንድ የበጋ ኮርስ ተማርኩ አለች። ቶርንክሊፍ ፓርክ ከሚባለው ሰፈራችን፣ ከሐላል ሥጋ ቤት ፀጉሩ ያልተነሣ የፍየል ቆዳ አዘዘች። ስቱዲዮ ውስጥ ስትነክረው ሽታው ጓደኞቿን አባረረ፤ ጓደኞቿም በተራቸው እሷን አባረሩ። እናቷ፣ «በረንዳችን ምን አለው?» አለቻት። እኔ የምኖረው እዚያው ቶርንክሊፍ ፓርክ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሳምንቱ የሕንፃው ማኔጀር በር አንኳኩቶ ፍየል ታረባላችሁ ወይ አለኝ። አናረባም አልኩ። እሱ ወደ በረንዳው እያየ፣ «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «የልጄ ሙያ ነው» አልኩት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

እዚህ ላይ የደበቅኩትን መናገር አለብኝ። የሀገሬ ሰው እዚህ ሲተዋወቅ መጠየቁ አይቀርም፤ አባትህ ምን ነበሩ? እኔ መጀመሪያ ከመጣሁበት ክረምት ጀምሮ መልሴ አንድ ነበር፤ «ቁም ጸሐፊ ነበሩ።» በብራና ላይ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚጽፉ ሰው ማለቴ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን በአክብሮት ዝቅ ያደርጋል። ሚስቴም ይህን ሰምታ አገባችኝ፤ ልጄም ይህን እየሰማች አደገች።

አባቴ ግን አንድ ፊደል አያውቁም ነበር። ለጸሐፊዎቹ ብራናውን የሚፍቁት እሳቸው ነበሩ። ቆዳውን ነክረው፣ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ሥጋውንና ፀጉሩን ፍቀው፣ ነጭ አድርገው ያስረክባሉ። እኛ አገር ቆዳ የሚያለፋን ሰው ፋቂ ብለው እንዴት እንደሚንቁት አንባቢ ያውቃል። ብራና የሚፍቀው የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው የሚሠራው ብለው የሚለዩ አዋቂዎች ነበሩ፤ ልጆች ግን አይለዩም። «የፋቂ ልጅ፣ ሽታህ መጣ» ይሉኝ ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ ያጻፈው ስሙ ይሰፍራል፣ የጻፈው ስሙ ይሰፍራል። የፋቀው የትም የለም። እኔም ጸሐፊ ነበሩ እያልኩ አባቴን ሁለተኛ አጠፋኋቸው። ከፋቂነት ሸሽቼ፣ ቶሮንቶ መጥቼ ሙሉ ዕድሜዬን ግድግዳ ፋቅኩ።

ልጄ የመጀመሪያውን ቆዳ ወጥራ መፋቅ ስትጀምር ሳሎን ሆኜ በበረንዳው በር መስታወት አያታለሁ። ስለቱን አጋድማ ነው የያዘችው። ስለት ካጋደለ ይቆርጣል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው የሚፍቀው። ይህን ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ቆዳው በሆዱ በኩል ተቀደደ። የተወጠረ ቆዳ ላይ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ እያየሃት መዳፍ ታህላለች።

ሁለተኛውን አመጣች። ተቀደደ። ዝም አልኩ። ሦስተኛው ሲቀደድ ልጄ በረንዳው ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። መጽሐፉን የምታስረክብበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ጋለሪው ሌላ ሰው ሊተካባት እንደሚችል ለእናቷ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ብናገር አባቴ ማን እንደነበሩ ትጠይቀኛለች። ባልናገር ሥራዋ ያልፍባታል። እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት ቆሞ የሚያመነታ አባት ምን ዓይነት አባት ነው? እኔ ሦስት ቆዳ ሙሉ አመነታሁ።

በአራተኛው ቆዳ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«ስለቱን አቁሚው!» ጮህኩባት። «ስታጋድሚው እኮ ነው የሚቆርጥብሽ! ከጀርባው ጀምሪ፣ ወደ ሆዱ ስትሄጂ እጅሽን አቅልዪ። ስሚው ደግሞ!»

«ምኑን ልስማ?»

ቆዳውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። የወፈረው እንደ እርጥብ እንጨት ያንኳኳል፤ የሳሳው እንደ ከበሮ ይጮኻል። አባቴ ዓይናቸው ሲደክም የሚፍቁት በጆሯቸው ነበር። መፋቂያውን ከእጇ ነጠቅሁና ያዝኩት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልነካሁት ነገር እጄ ላይ ትናንት እንዳስቀመጥኩት ሆኖ ገባ። ይህም አናደደኝ።

«አባዬ፣ አያቴ ጸሐፊ ከነበሩ አንተ ይሄን ከየት አወቅክ?»

ጀርባዬን እንደሰጠኋት ነገርኳት። ጨርሼም፣ «ለሰው አትንገሪ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ከዚያ በኋላ እኔ ስፍቅ እሷ ስትሰፋ፣ እሷ ስትፍቅ እኔ ስቆጣ፣ መጽሐፉ አለቀ።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በልጄ ሥራ መክፈቻ ላይ ስገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቷ ግማሹን ቤተ ክርስቲያን ጠርታለች። መጽሐፉ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ በሩ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ለሰው ሁሉ ነጭ ጓንት ታድላለች። እንኳን ብራና፣ ብርጭቆም በጓንት አይያዝም። የታጠበ እጅ ነው የሚፈልገው። ይህን ላስረዳት ስሞክር ፈገግ ብላ ጓንት ሰጠችኝ።

የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር፣ የቆየ ወዳጄ ነው፣ ገጾቹን እየገለጠ መጨረሻው ላይ ደረሰ። መነጽሩን ወደ ላይ ገፋና ጮክ ብሎ አነበበ፤ ልጄ በመጨረሻው ገጽ ማን ምን እንደሠራ በአማርኛ ጽፋ ኖሯል። የሣለችውና የሰፋችው እሷ መሆኗን አነበበ። ከሥሩ፣ «ብራናውን የፋቀ፦ አባቴ። እሱን ያስተማሩት፦ አያቴ» ይላል፤ የእኔና የአባቴ ስም ሙሉ በሙሉ ሰፍሯል።

«አንተ!» አለኝ እየሳቀ። «ቁም ጸሐፊ አልነበሩም እንዴ አባትህ? መቼ ነው ፋቂ የሆናችሁብን?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ሚስቴ አልሳቀችም፤ ታየኛለች። ልጄ ከሕዝቡ ኋላ ቆማለች። «የልጅ ቀልድ ነው» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ፋቂ ነበሩ» አልኩ። ድምፄ ከምፈልገው በላይ ከፍ አለ። «ጽፈው አያውቁም። ማንበብም አይችሉም። እናንተ የምትሳለሙት መጽሐፍ ግን እሳቸው ሳይፍቁት ፍየል ነበር! ሠላሳ ምናምን ዓመት የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። የምትስቁ ከሆነ በእኔ ሳቁ።»

የጋለሪው ኃላፊ ደንግጣ መጣች። ልጄ «ሂ ኢዝ ፋይን» አለቻት። ፋይን አልነበርኩም።

ጥግ ላይ ያዝኳት። «ሳትጠይቂኝ!»

«ብጠይቅህ እሺ ትለኝ ነበር?»

«አልልሽም!»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ አትጽፊም ነበር!»

«አባዬ፣ ሦስት ቆዳ እስኪቀደድብኝ ከመስታወቱ ኋላ ቆመህ አይተኸኛል እኮ» አለች በለሆሳስ። «አይቼሃለሁ። ያኔ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም እንጂ።»

ልጅ የአባቷን ምስጢር አደባባይ ማውጣት አልነበረባትም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ግን በራሱ ውሸት የልጁን ሥራ ለመቅበር የደረሰ አባት ስለ ምግባር ሲሰብክ መጀመሪያ ራሱ ይስማ።

ሚስቴ እስከ ቤት አውቶቡስ ውስጥ አላነጋገረችኝም። ቤት ስንገባ፣ «እኔ ያገባሁት አንተን ነው፣ አባትህን አይደለም» ብላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። የአንድ ዓመት ዝምታዬን በአንድ ሳምንት መለሰችልኝ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከጋለሪው ልንወጣ ስንል፣ ካፖርት መስቀያው ጋ ሊቀ መንበሩ ክንዴን ያዘኝ። ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«የእኔም እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ» አለ። «ለሰው አትንገር።»

ከአሥር ደቂቃ በፊት በአባቴ ሙያ የሳቀው ይሄው ሰው ነው። ልጮኽበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቃሉን አወቅሁት። በረንዳዬ ላይ፣ ጀርባዬን ለልጄ ሰጥቼ የተናገርኩት ያው ቃል ነው። ካፖርቱን ከመስቀያው አውርጄ አለበስኩት።

አልነግርም አልኩት፤ አልነገርኩምም። በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም ያልጠቀስኩት ለዚህ ነው፤ የሰውን እናት የመግለጥ መብት ያለው ልጇ ብቻ ነው፣ ሊቀ መንበሩንም እስኪገልጣቸው ድረስ እቆጣዋለሁ። የእኔና የአባቴ ስም ግን በልጄ መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ማየት የሚፈልግ ጓንቱን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ ይግለጠው።