ፈታኝ ያልመጣበት ፈተና

ሲይዙኝ በብብቴ ሦስት ሞጁል ነበረ። መምህር ነኝ፤ በርቀት ትምህርት ዲግሪዬን ልጨርስ አንድ ፈተና ቀርቶኝ ነበር። ወረታ ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ክረምት ስለነበር የሩዝ ማሳው ጭቃ በበሩ ስንጥቅ ይሸታል።

አሥራ አንድ ነበርን፤ ከእኔ በቀር ሁሉም የፎገራ ገበሬዎች። ሞጁሎቼን ሲመልሱልኝ ጥግ ይዤ ማንበብና መጻፍ ጀመርሁ። ለካ እዚያ ቤት የሚጽፍ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው! ቀና ስል ወሬው ይቋረጣል። ምግብ ሲቀርብ "እንብላ" የሚለኝ ጠፋ። በእኛ አገር ለጠላትም "እንብላ" ይባላል እኮ። ብቻዬን እጎርሳለሁ።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ።

"መምህር፣ ፈታኝ አስመጣልሃለሁ፤ እዚሁ ቢሮ ትፈተናለህ። አንተም ክፍሉ ውስጥ የሚወራውን ትጽፍልኛለህ። መጻፍ እንደሁ ትወዳለህ።"

አልዋሽም፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነው። ደግሞ ለማያናግሩኝ ሰዎች ብዬ?

"ይቅርብኝ" አልሁት።

"እንግዲህ የራስህ ጉዳይ።"

የፈተናው ዕለት ጠዋት ፊቴን ታጠብሁ፤ ኮቴን ለብሼ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ከሞጁሉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች መመለስ ያዝሁ።

"አንተ ሰው፣ ምን እየሠራህ ነው?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። ከገባሁ ጀምሮ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

"ፈተና ላይ ነኝ፣ አባባ። ቀኑ ዛሬ ነበር።"

"ፈታኙስ?"

"እንዲመጣልኝ የእናንተን ወሬ ጻፍ ብለውኝ እንቢ አልሁ።"

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ፊደል ለቆጠረ ጎረቤታቸው ሰጡት። እሱም አነበበው።

"ውኃ ከተኛበት ማሳ ላይ ውኃ ስለማንጣፈፍ ነው የሚለው።"

"ኧረ በስመ አብ! ይኸን ነው ስንፈራ የከረምን? እኛን ብትጠይቀን ምን ነበር!" ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "በሉ ዝም በሉ፣ ሰውዬው ፈተና ላይ ነው።"

ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ድምፁን አላሰማም። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ቶሎ ቶሎ እጠርገው ነበር።

ዲግሪውን ከተፈታሁ በኋላ ያዝሁት። ዛሬ በማረሚያ ቤቶች የኮሌጅ ትምህርት ይስፋፋ የሚሉ ሰዎች ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቁኛል። መጽሐፍ፣ መምህር፣ መብራት እላለሁ፤ ይጽፋሉ። የትምህርቱን ዋጋ በጆሮ ጠቢነት አታስከፍሉት፣ ተማሪውን ከጓደኞቹ አትነጥሉት እላለሁ። ይኸኛውን አይጽፉትም።