የቨርሊን ሃሽ ቀኝ እጅ

ቨርሊን ሃሽ በየቀኑ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው እጆቹን መዘፍዘፍ ነው። የወጥ ቤቱን የዕቃ ማጠቢያ በሙቅ ውኃ ይሞላና ሁለቱንም እጆቹን እስከ አንጓቸው ይነክራል። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያየ አሥር ደቂቃ ይቆማል። የግራው ጣቶች ቀስ በቀስ ይፍታታሉ። የቀኙ አውራ ጣት፣ ጠቋሚውና የመሐሉ ግን ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ወዲህ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም። ስለዚህ ውኃውን የሚፈትነው፣ ሕፃን እንደምታጥብ እናት፣ በክርኑ ነው።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው። ሠላሳ አንዱን ያሳለፈው ከከተማው ዳር ባለው የቺዝ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ ነው። ሥራው ከረጋው ወተት የሚቆረጠውን ወፍራም ንጣፍ እያነሱ መገልበጥና መደራረብ ነው፤ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ድረስ በየአሥራ አምስት ደቂቃው፣ ቀኑን ሙሉ። ይህን ለማሽን የሰጡ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። የእኛው ግን በማሸጊያው ላይ «በእጅ የተገለበጠ» ብሎ ስለሚጽፍና በዚያም ዋጋ ስለሚጨምር እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ቨርሊን ነው።

መስከረም ላይ ሐኪሟ ዶክተር ስሪኒቫሳን ነርቩን በመርፌና በኤሌክትሪክ ለካችው። በአንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ታንቆ ነበር፤ የግራውም፣ የቀኙም። የቀኙ ግን የባሰበት ነው፤ ቶሎ ካልተከፈተ ስሜቱ እንደማይመለስ ነገረችው። ለጥቅምት ሃያ ቀጠሮ ሰጡት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዚያ እጅ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይያዝም። ቨርሊን በልቡ ቆጠረ፤ ስድስቱ ሳምንት የአጋዘን አደኑን ወቅት ዋጠው።

«ከአደን በኋላ ይሁንልኝ» አለ።

ይህን ሲል የክሊኒኩ ጸሐፊ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በእኛ አካባቢ በእነዚያ የኅዳር ዘጠኝ ቀናት ሠርግ አይደገስም፣ ጣራ አይጠገንም፤ ሬሳም ቢሆን እስከ ሰኞ ሊቆይ ይችላል። ቨርሊን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ አንድም ኅዳር አምልጦት አያውቅም።

በኅዳር መጀመሪያ መልሶ ሲደውል ታኅሣሥ ሞልቶ ነበር። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ከመድኑ በፊት ከኪስ የሚወጣውን ድርሻ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ሁሉ፣ በጥር መጀመሪያ ዓመቱ ተለውጦ ቆጠራው ከዜሮ ሳይጀምር፣ ጉልበቱንም ዓይኑንም ጥርሱንም በታኅሣሥ ማስጨረስ ይፈልጋል። ቨርሊን የተሰጠው ጥር አሥራ አራት ነው። መስከረም ላይ ለምርመራው ከኪሱ ያወጣው ሰባት መቶ ሃምሳ ዶላር በጥር አንድ ቀን እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ሰኞ ዕለት፣ አደኑ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ ጃኔል ቴሽ ሁለት ካርቶን ዶናትና አንድ ክምር ወረቀት ይዛ ወደ ዕረፍት ክፍሉ ገባች። የሚቀጥለው ዓመት የጤና መድን መምረጫ ነው፤ እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ካልተሞላ የዘንድሮው እንዳለ ይቀጥላል።

ቡች ወልኒያክ ከቨርሊን ጋር ገንዳውን የሚጋራ፣ የአደኑንም ጎጆ የሚጋራ ሰው ነው። ካርቶኑን ከፍቶ አየ።

«ጃኔል፣ ባለፈው ዶናት ስታበይን የጡረታውን መዋጮ ነው የቆረጣችሁት። ዛሬ ደግሞ ባለ ክሬም ነው። ምን ልትወስዱ ነው፣ ኩላሊት?»

«ኩላሊትህን ማን ይፈልገዋል? ቢራ የለመደ ነው» አለች ጃኔል። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀችና ወረቀቱን ማደል ጀመረች።

መድኖቹ ሁለት ናቸው። ሠራተኛው አንዱን «ውዱ»፣ ሌላውን «ርካሹ» ይላቸዋል፤ ጃኔል ይህን ስም አትወደውም። ውዱ እስከ ዘንድሮ በየደሞዙ፣ ማለት በየሁለት ሳምንቱ፣ መቶ ስድሳ ዶላር ይቆርጥ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል። ሰባት መቶ ሃምሳ ከኪስ ከወጣ በኋላ አብዛኛውን መድኑ፣ የቀረውን ደግሞ ሠራተኛው ይከፍላል። ርካሹ ሰባ አራት ብቻ ነው የሚቆርጠው። ነገር ግን ባልና ሚስት መጀመሪያ ስድስት ሺ ዶላር ከኪሳቸው ካላወጡ መድኑ አንድ ሳንቲም አይሰጥም፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉንም ይችላል። ከርካሹ ጋር የጤና ቁጠባ ሂሳብ ይከፈታል። ኩባንያው በዓመት አንድ ሺ ዶላር በአራት ጊዜ ከፍሎ ያስገባበታል፤ ሠራተኛውም ግብር ሳይነካው የራሱን ይጨምርበታል።

«ገንዘቡ የራሳችሁ ነው። ዓመት ቢለወጥ አይጠፋም፤ ሥራ ብትለቁም ይዛችሁት ትሄዳላችሁ» አለች ጃኔል።

«እኔ ሰባት ሺ አለኝ» አለ ወልኒያክ። ርካሹን ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው። «ሐኪም ያየኝ ስወለድ ብቻ ነው። እሱም ደንግጦ ነው የለቀቀኝ።»

ቨርሊን ዶናቱን በግራ እጁ ይዞ ወረቀቱን ያነብ ነበር። ሰባት ሺ ዶላር በአንድ ላይ ኖሮት አያውቅም። በመጨረሻ ወደ ጃኔል ቀረበ። ልጅ ሳለች የቨርሊን ሚስት በምትነዳው አውቶብስ ነው ትምህርት ቤት የተመላለሰችው፤ እስከ ዛሬም በስሙ አትጠራውም።

«ጃኔል፣ እንደ እኔ ላለው የትኛው ነው?»

«ሚስተር ሃሽ፣ ይሄን ምረጡ ብዬ መናገር አልችልም፤ ክልክል ነው።»

«ቢፈቀድልሽስ?»

ጃኔል እጁን አየችው። «ቢፈቀድልኝ፣ ስድስት ሺው አለ ወይ ብዬ እጠይቅዎት ነበር።»

ማታ ሚስቱ ካርሊን በራት ጠረጴዛው ላይ፣ በአሮጌ የአውቶብስ መስመር ዝርዝር ጀርባ፣ ስሌቱን ሠራችው። ሁለቱም እጆች በሚቀጥለው ዓመት ቢከፈቱ ብላ ነው የጀመረችው። በውዱ ከደሞዝ የሚቆረጠውና ከኪስ የሚወጣው ተደምሮ ከስምንት ሺ አምስት መቶ አለፈ። በርካሹ፣ የኩባንያው አንድ ሺ ተቀንሶ፣ ሰባት ሺ አልሞላም። እንደገና ደመረችው። ያው ነው።

«የሚገርም ነው፤ ብዙ ለሚታመመውም ርካሹ ነው የሚረክሰው» አለች።

«እንግዲያው አለቀ፤ እሱን እሞላለሁ።»

«ቁጥሩ ላይ ነው ያለቀው። ጥር ላይ ስድስት ሺ ከየት ይመጣል? ባንክ ያለን አንድ ሺ ዘጠኝ መቶ ነው። የማሞቂያው ጋዝ አልተከፈለም።»

«እጁ ይቆያላ። ቁጠባው እስኪሞላ።»

«እስከ መቼ?»

ቨርሊን ባዶ ሳህኑን በግራ እጁ ወደ ጎን ገፋ።

«ቨርሊን፣ ትናንት የሾርባውን ሳህን ጥለኸዋል። እንደጣልከው ያወቅኸው ድምፁን ሰምተህ ነው። እኔ ዓይንህን ሳይ ነበር።»

«ተንሸራቶ ነው።»

«እሺ፣ ተንሸራቶ» አለች ካርሊን፤ ወረቀቱን አጥፋ ከጨው ዕቃው ሥር አደረገችው። ሁለቱም ደክሟቸው ነበር። እሷ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታ አውቶብሱን ታሞቃለች፤ ለግማሽ ቀን ሥራ መድን የሚሰጣት የለም፤ ያላት የእሱ ነው። ሳህኖቹን ሳያጥቡ ተኙ።

ማክሰኞና ረቡዕ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ወረቀቱ ከጨው ዕቃው ሥር እንዳለ ነበር። ቨርሊን ጠዋት እጁን ሲዘፈዝፍ ያየዋል። ሙሉ ቀን ሲገለብጥ ውሎ ሲመጣም ያየዋል። ውዱን ቢሞላ በየሁለት ሳምንቱ ከርካሹ በላይ መቶ ሠላሳ ስምንት ዶላር ለመድኑ ይሰጣል፣ እጁም ጥር ላይ ይከፈታል። ርካሹን ቢሞላ መቶ ሠላሳ ስምንቱ የራሱ ሆኖ ይጠራቀማል፣ እጁ ግን ይጠብቃል። ምን ያህል እንደሚጠብቅ ዶክተሯን መጠየቅ አልፈለገም። መልሱን ነግራዋለችና።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከመኪና ማቆሚያው ሆኖ ወደ ክሊኒኩ ደወለ። መጠየቅ የፈለገው፣ ርካሹን ቢይዝ ለጥር አሥራ አራቱ ቀጠሮ ስንት ቅድሚያ ክፍያ እንደሚጠይቁት ብቻ ነበር።

«ሁለት ሺ ሰባት መቶ፣ ሚስተር ሃሽ» አለች ጸሐፊዋ። «ከቀጠሮው በፊት።»

«በሌላኛውስ?»

«ስምንት መቶ።»

ከፋብሪካው ጀርባ አንድ የወተት ቦቴ ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል።

«ሚስተር ሃሽ፣ አሉ?»

«አለሁ። ከዓመቱ በፊት የተሰረዘ ቀጠሮ የለም?»

«ታኅሣሥ ላይ አንድም የለም። ሰልፈኛ አለው።» የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። «ሰኞ ግን አለ።»

«የትኛው ሰኞ?»

«የፊታችን። ሦስት ክፍት ቦታ አለኝ። የአደን ሳምንት ነው እኮ፤ ማንም አይፈልገውም። ለእርስዎም እንዳልነግርዎት ፋይልዎ ላይ ‘ከአደን በኋላ’ ተብሎ ተጽፏል።»

«ዶክተሯ ትኖራለች?»

«ዶክተር ስሪኒቫሳን? እሷ ሥጋም አትበላ፣ የት ትሄዳለች? ሳምንቱን ሙሉ መጽሔት ስታነብ ነው የምትውለው።»

ቨርሊን ሰኞ ስንት እንደሚያስከፍሉት ጠየቀ። የዘንድሮውን ድርሻ ከፍሏል፤ ሰኞ ከተሠራለት የሚቀርበት ስድስት መቶ ዶላር ገደማ ነው፤ በየወሩ ሃምሳ እየከፈለ መጨረስ ይችላል።

«ልያዝልዎት?»

«ያዢልኝ» አለ።

ወደ ገንዳው ሲመለስ ወልኒያክ የመጀመሪያውን ንጣፍ እያነሳ ነበር። ስለ አደኑ ጎጆ ያወራል፤ ምድጃውን ጠርጓል፣ ቋሊማ ገዝቷል፣ የቨርሊንን መኝታ አይጥ በልቶታል። ቨርሊን እስኪጨርስ ጠበቀና ነገረው።

«ሰኞ?» አለ ወልኒያክ። «አርባ ስድስት ዓመት አድነህ በአንድ ጸሐፊ ትሸነፋለህ? እኔ አባቴን የቀበርኩት ከአደን በኋላ ነው።»

«አባትህ ከመጀመሪያውም ቀዝቃዛ ሰው ነበር።»

ወልኒያክ ሳቀ። ንጣፉን ገለበጠ። ቨርሊንም የራሱን ገለበጠ፤ በቀኝ በኩል ተንሸራቶበት ወልኒያክ በክንዱ ደገፈለት።

«ቅዳሜና እሑድ ግን አለህ» አለ ወልኒያክ። «ሁለት ቀን ይበቃል።»

«ጠመንጃ አልይዝም።»

«ለምን?»

«ባለፈው ዓመት ያቺን ሴቷን አጋዘን የሳትኳት...»

«ነፋስ ነው ብለሃል።»

«ነፋስ አልነበረም። ጣቴ ቃታው ላይ መሆኑን አላወቅሁም። ሲተኮስ ነው ያወቅሁት።»

ወልኒያክ ያነሳውን ንጣፍ መልሶ አስቀመጠ። ያን ቀን ከቨርሊን መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ የነበረው እሱ ነው።

«ይሄን አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«አሁን ነው።»

«አንተ ደረቅ የጀርመን ዘር» አለ ወልኒያክ ቀስ ብሎ፤ ወደሚቀጥለውም ንጣፍ ሄደ። የፈረቃው ማብቂያ ላይ ግን ከመልበሻ ክፍሉ በር ቆሞ ጠበቀው። «ለማንኛውም ና። ድንች ትልጣለህ። በዚህኛው እጅህ» አለና ግራውን አሳየው።

ካርሊን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «ሰኞ እኔ መንገድ ላይ ነኝ» ነው። ቀጥላ የታጠፈውን ወረቀት ከጨው ዕቃው ሥር አወጣች። ቀኙ በዘንድሮው ድርሻ ከተከፈተ ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀረው ግራው ብቻ ነው። ግራው ገና ሙቅና ቀዝቃዛ ይለያል። መቶ ሠላሳ ስምንቱን በየደሞዙ ቢያስገቡ፣ የኩባንያው ሲጨመርበት፣ በዓመቱ መጨረሻ አራት ሺ አምስት መቶ ዶላር አካባቢ ይሆናል። ስድስት ሺ አይደለም። ካርሊን ከቁጥሩ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

«ሌላ ነገር ካልታመምን ነው» አለች።

«ካልታመምን።»

«አንተ ብትወድቅስ፣ እኔንስ አውቶብሱ ውስጥ አንዱ ልጅ ጉንፋን ቢያስይዘኝ...»

«ጉንፋን ስድስት ሺ አይፈጅም።»

«አታውቅም» አለች ካርሊን። «ጻፍ በቃ። ደከመኝ።»

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቨርሊን የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ገባ። ጃኔል ወረቀቱን ተቀብላ አየች፤ ርካሹ ላይ ምልክት አለበት፤ ፊርማው እንደ ሕፃን ጽሑፍ ተንጋዷል። የስድስት ሳምንቱን የሕመም ፈቃድ ፎርም ጨመረችለት፤ በእሱ የሚከፈለው የደሞዙ ሁለት ሦስተኛ ነው።

«ሚስተር ሃሽ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጅ ማሠልጠኛ ይልኩዎታል። የታኅሣሡ በዘንድሮው ይሸፈናል፤ የጥር ወሩ ግን ከኪስዎ ነው። በአንድ ጊዜ መቶ ሰማንያ ዶላር።»

«ምንድን ነው የሚያደርጉት እዚያ?»

«ጣት ማጠፍ፣ መዘርጋት። ሙቅ ውኃ ውስጥ ያስገቡታል።»

«እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አለ ቨርሊን።

ጃኔል ማኅተሟን መታችበት። ከበስተኋላው የተሰለፈው ወጣት ሠራተኛ ብርቱካናማ የአደን ጃኬቱን ከወዲሁ ለብሶ ነበር፤ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ቶሎ እንዲሉለት ይጠብቃል።

ቅዳሜ ቨርሊን ጎጆው ድረስ ይሄዳል፤ ጠመንጃው ቤት ይቀራል። ቀጠሮው ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ጸሐፊዋ አንድ ሰዓት ብላ ነበር፤ ተተኪዎቹ የአውቶብስ ሾፌሮች ግን ሁሉም ጫካ ናቸው፣ ስለዚህ ካርሊን መጀመሪያ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች።