በሠርግ ሪባን የታፈነ ራዲያተር

እህቴ ለሠርጓ የተከራየንላትን ነጭ መኪና ትታ የእኔን አሮጌ መኪና መረጠች። የመኪናዋን ሞተር ፈትቼ የገጠምኩት ራሴ ነኝ፤ ያስተማሩኝም የስልክ ቪዲዮዎችና የተቃጠሉ ጣቶቼ ናቸው። አክስታችን ግን «ዳገቱ ላይ ከቆመች ወደ ነጩ ትዛወሪያለሽ፣ በቃ!» ብላ ቆረጠች።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ለፎቶ ዳገቱን ይዘን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አመራን። ሠርገኛ ደግሞ የሚሄደው ክላክስ እየነፋ፣ በጣም በቀስታ ነው፤ የሙሽራዋን መኪና ማንም አይቀድምም። በአንደኛ ማርሽ ስጎተት የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። መስኮቶቹን ዝቅ አድርጌ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

«አማቼ፣ በሠርጋችን ቀን ልትቀቅለን ነው?» አለ ሙሽራው ከኋላ።

«የሞተሩን ሙቀት ትንሽ ተካፈሉለት» አልኩት።

አልበቃውም። ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ሲወጣ ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። አጃቢው ሁሉ ከኋላችን ተደርድሮ ቆመ። አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች፤ «አላልኩም? ውረጂ!»

ኮፈኑን እንደከፈትኩ የሙሽራው አባት የታሸገ ውሃ ይዘው ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጃቸውን ሰደዱ።

«አባባ፣ እንዳይነኩት! የፈላው ውሃ ፊትዎን ያቃጥልዎታል!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ተቀምጦ ነው?» አለች እህቴ፤ ሳቁ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቁት አባባ ነበሩ።

ጎንበስ ብዬ የመኪናዋን ፊት አየሁ። ጠዋት እኔ ክራባት ሳስር አክስቴ ነበረች ያስጌጠቻት። የፊቱን ፍርግርግ ከዳር እስከ ዳር በሰፊ ሪባን ሸፍናዋለች፤ ለራዲያተሩ ንፋስ የሚገባው በዚያ ነው።

«አክስቴ፣ አፍንጫዋን እኮ ነው ያሰርሽው።»

«እንድታምር ብዬ ነዋ!»

ሪባኑን ፈታሁት። «አሁንስ?» አለች እህቴ። «እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው። ማዕከሉ እንዳይዘጋብሽ ከፈራሽ ነጩ አለልሽ።» እሷ ግን መቀመጫዋ ላይ ተደላደለች፤ «ወንድሜ ነው የሚያደርሰኝ።»

የመዘምራን ጓደኞቿ አስፋልቱ ዳር ክብ ሠርተው መዘመር ጀመሩ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ አጨበጨበላቸው። አባባ የውሃውን ጠርሙስ እያወዛወዙ መሃል ገቡ። እኔ ብቻ በየመሃሉ ራዲያተሩን እየነካሁ ስመለስ ሁሉም «በረደ?» እያሉ ይጮሁብኛል።

ሲበርድ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዤ በጥቂቱ አላላሁት። የቀረው እንፋሎት «ሽሽ» ብሎ ሲያልቅ ከፍቼ ውሃውን ቀስ እያልኩ ሞላሁና አስነሳኋት። አክስቴ ነጩን መኪና ባዶውን አስከትላ ከጎኔ ተቀመጠች። «ብትቆም አጠገቧ ልሁን» አለች። አልቆመችም። ለጥንቃቄ ግን ማሞቂያውን አልዘጋሁትም።

ቀድሞን የደረሰው ፎቶ አንሺ በሩ ላይ በላብ የራሰውን ሙሽራ አይቶ «ዝናብ ነበር እንዴ?» አለ። እህቴ ጫማዋን አውልቃ ወደ ዛፎቹ እየሮጠች ነበር።